ትርሲትን ያስኮረፈው ውኃ

ኅዳር 3

ትርሲት ዛሬ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ሄደች። ልጃችን ጽናት ዘንድ። "ትንሽ ልረፍ" ነው ያለችው። ትንሽ ማለት እስከ መቼ እንደሆነ ብጠይቃት "እኔ እንጃ" አለች። ያን ሁሉ ዘመን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኜ ስሠራ "እኔ እንጃ" ብሎ ፈቃድ የጠየቀኝ መምህር አላጋጠመኝም። ይህንኑ ነገርኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ምክንያቱ ውኃው ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማስታወሻ መጻፍ ትቼ ነበር፤ ይህን ደብተር ያወጣሁት ጉዳዩን በሥርዓት ለመከታተል ነው። ዓለም ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ ውኃችንን ያውቀዋል። ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ኖራ አለበት። የበራዳችን ውስጡ ነጭ ቀለም የተቀባ ይመስላል። ሻይ ሲፈላ ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሳሙና አረፋ አያወጣም፣ ባቄላ ቀኑን ሙሉ ቢንተከተክ አይበስልም፣ የሻወሩ ቀዳዳዎች ከተደፈኑ ቆይተዋል።

ትናንት ማታ ትርሲት በራዱን በማንኪያ ስትፍቅ ስትፍቅ ቆየችና ማንኪያውን ወረወረችው። "ከዚህ ጋር ስታገል ዕድሜዬ አለቀ!" አለች። "ከዚህ" ያለችው በራዱን ነው። እጇ ላይ የነበረው እሱ ነው። እኔም ኖራ በማንኪያ እንደማይፋቅ፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ጨምሮ ማፍላት እንደሚያስፈልግ በትዕግሥት አስረዳኋት። ዞር ብላ አየችኝ። ሲነጋ ሻንጣዋ በር ላይ ነበር።

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። ውኃው ይስተካከላል፣ ትርሲት ትመለሳለች።

ኅዳር 5

ጎረቤታችን ወይዘሮ የምሥራች በአጥሩ በኩል፦
"ጋሽ ይሥሐቅ፣ ትርሲት መቼ ነው የምትመጣው?"
"ውኃው ሲስተካከል።"
"ምኑ?"
"ውኃው።"
ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ሐዘኔታ አልለየሁትም። ማምሻውን እንጀራ በሞሶብ ላከችልኝ።

ኅዳር 8

ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ጽናት ናት።
"እናትሽን አገናኚኝ።"
"ተኝታለች አባዬ።"
"በዚህ በጠራራ ፀሐይ?"
"የዘጠኝ ዓመት እንቅልፍ እኮ ነው ያለባት።"

አነጋገሯ ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ ተበላሽቷል። ዘጠኝ ዓመት የምትለው እናቴ ታማ እኛ ዘንድ የኖረችበትን ጊዜ ነው። እውነት ነው፣ እናቴ ሌሊት ሌሊት "ትርሲት! ትርሲት!" ትል ነበር። እኔ ልጇ አጠገቧ ካለው ክፍል ተኝቼ እያለሁ የምትጠራው ትርሲትን ነበር፤ ይህን ለትርሲት እንደ ትልቅ ክብር ነው የማየው። እናቴ ካረፈች ዓመት አልፏት፣ ሙት ዓመቷን ባለፈው ወር ደግሰን አውጥተናል። ታዲያ ዛሬ በቀን መተኛት ምን ይሉታል?

የጽናት ባል በኃይሉ ስልኩን ተቀበላት። በኃይሉ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው፣ ቁም ነገር ይገባዋል። ለቦይለራቸው ውኃ ማለስለሻ የሚባል መሣሪያ እንዳላቸው፣ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ትንሽም እንዳለ ነገረኝ። ኖራውን እየያዘ ያስቀረዋል አለ።
"እሱ ነው!" አልኩት። "በቃ የጎደለን እሱ ነው!"
ጽናት ከጎኑ ሆና "ንገረው እንጂ" ስትለው ሰማሁ። "እኔ ምን አገባኝ" አላት። ስለ ዋጋው ይሆናል።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሄጄ ተሳለምኩ። የንስሐ አባታችን መምሬ ወልደ አማኑኤል ከቅዳሴ በኋላ አቆሙኝና "ትርሲትን አላየኋትም" አሉኝ። ስለ ውኃው ነገርኳቸው። ማለስለሻ ላስገባ እንደሆነም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፦
"በእናትህ ሙት ዓመት ላይ ያደረግኸው ንግግር ጥሩ ነበር" አሉ።
አመሰገንኩ።
"ረጅምም ነበር" አሉ።
አሁንም አመሰገንኩ።
"ብቻ..." አሉና መስቀል የሚሳለም ሰው ሲመጣ ተዉት።

"ብቻ" ምን? ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ያንን ንግግር በሐሳቤ ደገምኩት። ካህናቱን አመስግኛለሁ። እድሩን አመስግኛለሁ። ድንኳን የተከሉልንን፣ ብርጭቆ ያዋሱንን፣ ከመንዝ፣ ከዘመሮ ድረስ መኪና እየቀያየሩ የመጡትን የእናቴን ዘመዶች በየስማቸው ጠርቻለሁ። ድምፅ ማጉያውን የገጠመውን ሰውዬ እንኳ አልዘለልኩትም። ትርሲት ራሷ ጭልፋ እንደያዘች ከጓዳው በር ላይ ቆማ እስከ መጨረሻው ስታዳምጥ አይቻታለሁ። ስጨርስ ሰው ሁሉ አጨበጨበ፣ እሷ ወደ ወጧ ተመለሰች።

የተረሳ ሰው የለም። ካለም የቤት ሰው ነው፣ የቤት ሰው ደግሞ አይመሰገንም። የገዛ ሚስቱን በአደባባይ "አመሰግናለሁ" የሚል ወንድ እኔ በበኩሌ በዚህ አገር አላየሁም። ባይተዋር ናት እንዴ?

ኅዳር 16

መሣሪያው እስኪመጣ በራዱን በራሴ አጸዳሁት። አቼቶ፣ ሎሚ፣ ሦስት ጊዜ ማፍላት። ልክ እንዳልኳት ነው፣ ኖራው ተልጦ ተልጦ ወጣ። በደስታ ውኃ ሞልቼ ጣድኩት። ምድጃው ጠፋ።

በራዱ ከታች ተበሳስቷል። ለካ ይዞት የኖረው ኖራው ነው። ትርሲት ይህን ታውቅ ኖሯል? በማንኪያ ዳር ዳሩን ብቻ ትፍቅ የነበረው ለዚህ ነው? አልጠየቅኳትም። አዲስ በራድ ገዛሁ።

ኅዳር 20

መሣሪያው መጣ! በኃይሉ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ላከው። አንድ ረጅም ሰማያዊ በርሜል፣ ከጎኑ ደግሞ ለጨው የሚሆን አጭር በርሜል። ከትርሲት የተላከ ነገር እንዳለ ረዳቱን ጠየቅኩት። የለም አለ። ሰላምታ ልካ ረስቶት ይሆናል፣ ረዳት ምኑ ይታመናል።

ኅዳር 22

የቧንቧ ሠራተኛው ፈንታ እኛ ቤት ዋለ። ፈንታ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም እኩል ይናገራል። መመሪያው በቻይንኛ ነው ስለው "ኖርማል ነው ጋሼ" አለኝ። ዋናውን ቧንቧ ቆርጦ ግቢው ሲጥለቀለቅ "ኖርማል ነው።" መግቢያና መውጫውን አቀያይሮ ገጥሞት ውኃው በጨው በርሜሉ በኩል ሽቅብ ሲፈናጠር፣ ከራሱ እስከ እግሩ ርሶ፣ "ይሄም ኖርማል ነው!"

እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። በርሜሉ ውስጥ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የሚሉ ቢጫ ፍሬዎች አሉ። ውኃው በእነሱ መሐል ሲያልፍ ኖራውን ይዘው ያስቀሩታል። ፍሬዎቹ ሲጠግቡ መሣሪያው በጨው ውኃ ያጥባቸውና እጣቢውን ወደ ውጭ ይደፋዋል። ፈንታ እጣቢውን በላስቲክ ጎማ በአጥሩ ሥር ወደ መንገዱ አወጣው። "ማንንም አይነካም" አለኝ።

ሲሄድ እጁን እየጠረገ፣ "እትዬ ትርሲት ይሄን ሲያዩ እንዴት ደስ እንደሚላቸው!" አለ። ከአፍህ ይቀበለው አልኩት።

ኅዳር 24

በኃይሉ በስልክ፣ "አባባ፣ ጨው ሲገዙ ንጹሕ የሆነውን፣ አፈር የሌለበትን" ይለኛል። ለእኔ! አባቴ በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ነው፣ ጨው መምረጥ ከእሱ ነው የተማርኩት። ገበያ ወርጄ የከብት ጨው በጆንያ አሸክሜ መጣሁ፣ ቀላ ያለውን፣ በጎች የሚመርጡትን። በግ የመረጠውን በርሜል ሊንቀው ነው?

ኅዳር 27

ቧንቧው ሻይ የመሰለ ውኃ አወጣ። ፈንታ በስልክ፦ "ኖርማል ነው።" ነጭ ሸሚዙን ያጠበበት እሱ አይደለም!

ታኅሣሥ 1

በግ። በኋላ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 2

ትናንት ፋታ አላገኘሁም። ጠዋት በሬን ስከፍት የሰፈሩ በግ በሙሉ አጥሬ ሥር ተሰብስቧል። መሣሪያው እጣቢውን ደፍቶ መሬቱ ጨው ጨው ብሏል፣ እነሱ ይልሳሉ። ብጮህባቸው ቀና ብለው አይተውኝ ይመለሱበታል። በዱላ ሳባርራቸው በወዲያ በኩል ዞረው ይመጣሉ። ፍየሎች ተጨመሩ። የአንድ ገበያተኛ አህያ ጭነቱን እንደተሸከመ መጥቶ መሐላቸው ገባ፣ ባለቤቱ ሲጎትተው እኔን ይረግመኛል።

የወይዘሮ የምሥራች ነገር ይባስ። ለገና የምታደልበው ሙክት ገመዱን በጥሶ መጥቶ ሌሊቱን ሲልስ አድሯል። "ወይ ጉዴ! ጋሽ ይሥሐቅ፣ በጌን ምን አቀመሱብኝ?" እያለች ቀንዱን ይዛ ብትስበው አልነሳ አለ። ከዚያ አንድ ባልዲ ውኃ ጠጣ፣ ከሰዓት ሆዱ ተበጠበጠ። የሆነውን ሁሉ አልጽፈውም።

ሰው ቆሞ ይስቃል። አንዷ ለጓደኛዋ፣ እኔ እየሰማሁ፣ "ሚስቱ ብትሸሸው በግ ሰበሰበ" አለች። እኔን አይደለም የሸሸችው፣ ውኃውን ነው። ጠርቼ ላርማት ነበር፤ ዱላ ይዤ ስለነበር ሌላ እንዳይመስል ተውኩት።

ታኅሣሥ 5

ሙክቱ ተሽሎታል፣ ግን ከስቷል። ወይዘሮ የምሥራች አላኮረፈችኝም፣ እንዲያውም ሽሮ ላከችልኝ። ሳህኑን ስመልስላት "እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ፣ እጅሽ ይባረክ" አልኳት።
"ለእኔማ ያውቁበታል" አለችና በሩን ዘጋችው።
ምን ማለቷ ነው?

ታኅሣሥ 14

ሳምንቱን ሙሉ ከፈንታ ጋር ጭቃ ስናጥብ ከረምን። ፍሬዎቹን ከበርሜሉ አውጥተን በገንዳ አለቀለቅናቸው፣ የወጣው አፈር ጎመን ያበቅላል። ንጹሕ ጨው አስመጣሁ። ለእጣቢው ጉድጓድ አስቆፍሬ በድንጋይ አስከደንኩት። ስለ ከብት ጨው ለበኃይሉ አልነገርኩትም፣ ምን ይጠቅመዋል።

ትርሲት ባለፈው ሳምንት ደውላ እንደነበር ጽናት ነገረችኝ። ስልኬ አይሠራም ነበር ወይ አለችኝ። ይሠራ ነበር። ገንዳው ላይ አጎንብሼ ስለነበር አልሰማሁትም። ስለ ውኃው ልትጠይቅ ይሆናል።

ታኅሣሥ 16

ሠራ! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሠራ!

አዲሱን በራድ አፈላሁ፣ ደፋሁ፣ ደግሜ አፈላሁ፤ ነጭ ነገር ለመድኃኒት የለም። ሻዩ ጥርት ያለ ነው። ሳሙና ነካ ባደርግ አረፋው እስከ ክርኔ ወጣ። ችግሩ አልለቅም ማለቱ ነው፣ እጄ ይሙለጨለጫል፣ ብታጠብ ብታጠብ ያልታጠብኩ ይመስለኛል። በኃይሉ እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ይለመዳል አለኝ።

ጾም ስለሆነ ባቄላ ጣድኩ። ሬዲዮ እየሰማሁ ረስቼው ብመለስ በስሎ ፈራርሷል። ደነገጥኩ። ትርሲት ለእናቴ ባቄላ የምትቀቅለው ከሌሊቱ ተነስታ ነበር። እናቴ ጥርስ ስላልነበራት በጣቷ እየደመሰሰች ነበር የምታጎርሳት። እኔ ስነሳ ሁሉም ደርሶ፣ እናቴ በልታ፣ አንሶላዋ ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር የማገኘው። ስንት ሰዓት እሳት ዳር እንደምትቀመጥ ልብ ብዬው አላውቅም። አሁንም ያነሳሁት ውኃው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ለማሳየት ነው።

ሳህን አወጣሁ። ሁለት ነው ያወጣሁት፣ አንዱን መለስኩት። ባቄላው ልዩ ነበር፣ ግን ለማን ይነገራል? ትርሲት ናፈቀችኝ። ይኸው ጻፍኩት። ናፈቀችኝ፣ ቤቱ ሰፋብኝ፣ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ሲንኳኳ እየመሰለኝ ብድግ እላለሁ። ይህ ደብተር ስለ ውኃ መሆን ነበረበት።

ታኅሣሥ 17

"ትርሲት፣ ውኃው ተስተካከለ!"
"እሰይ።"
"እንግዲህ ነይ።"
"ለውኃው?"
"ባቄላ ብታይ እኮ፣ ሳትመለሺበት ነው የሚበስለው! በራዱማ ምኑ ይወራል!"
"ይሥሐቅ፣ ሌላ የምትለኝ የለህም?"
አሰብኩ። የእውነቴን ነው፣ በደንብ ነው ያሰብኩት።
"ጨውም ተቀይሯል" አልኳት።
አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልገባኝም፣ ወዲያው ተቋረጠ። ኔትዎርክ ነው።

ታኅሣሥ 29

ገና። አልመጣችም። ወይዘሮ የምሥራች ጠራችኝና እነሱ ቤት ዋልኩ። ሙክቱን በላነው። ሥጋው ጠንካራ ነበር፣ ለምን እንደጠነከረ ማንም አላነሳም።

ጽናት እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ደወለች። "አባዬ፣ አንድ ቃል እኮ ነው፤ አንዲት ቃል" አለችኝ። የምን ቃል ስላት "እኔ ብነግርህ ምን ዋጋ አለው" አለች። ከዚህ ቤት የሚሄድ ሁሉ እንቆቅልሽ ተምሮ ነው የሚሄደው።

ጥር 2

የሚካኤል ማኅበራችን ተራው የእኛ ነው፣ ጥር 12 ጽዋው እኛ ቤት ይጠጣል። ትርሲት ጽዋ የምታስታጉል ሴት አይደለችም። ደወልኩላት።
"እመጣለሁ" አለች። "ለሚካኤል ነው የምመጣው።"
"እሺ፣ ለሚካኤል" አልኩ። ለማንም ትምጣ። ከመጣች ውኃውን ማየቷ አይቀርም።

ጠላውን ወይዘሮ የምሥራች በአዲሱ ውኃ እየጠመቀች ነው። ፈንታን በርሜሉን አስወልውዬዋለሁ።

ጥር 9

መጣች። ፊቷ ሞላ ብሏል። ሻንጣዋን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ጓሮ ወሰድኳት።
"ይኸው!"
"ይሄ ነው?"
"ይሄ ነው።"
ቆማ አየችው። ፍሬዎቹ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ጨው በየት እንደሚገባ፣ እጣቢው በየት እንደሚወጣ አስረዳኋት። የበጎቹን ታሪክ ዘለልኩት፤ ኋላ ስሰማ ለካ የምሥራች በስልክ ነግራት ኖሯል።
"ለፍተሃል" አለችኝ።
አመሰገነችኝ ማለት ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያቺን አንዲት ቃል ይዤ ነው ቀኑን ሙሉ የዋልኩት።

ሻንጣዋን ግን አልፈታችውም። አልጋው ሥር እንደተዘጋ ነው።

ጥር 10

ገሃድ። ፀጉሯን ታጥባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ታበጥራለች። ማበጠሪያው ሳይያዝ ቁልቁል ይወርዳል። ቁጭ ብዬ አየኋት። ስንት ዓመት እንዲህ ቁጭ ብዬ አላየኋትም።
"ፊትሽ ጠራ" አልኳት። "ውኃው ነው።"
"አይደለም" አለች። "እንቅልፍ ነው።"

ጥር 12

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው ይህን የምጽፈው።

ታቦቱን አስገብተን ስንመለስ ማኅበርተኛው ቤቱን ሞላው። መምሬ ወልደ አማኑኤል ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ጠላው እንዲህ ጠርቶ አያውቅም ተባለ። ሰው በየተራ ጓሮ እየወጣ መሣሪያውን አየ፣ ፈንታ "ኖርማል ነው" እያለ ያስጎበኛል። መምሬ ብርጭቆአቸውን አንሥተው፣ "ዛሬ ቃና ዘገሊላ ነው። ጌታችን ውኃውን ወይን አደረገው። ይሥሐቅ ደግሞ ውኃውን ውኃ አደረገው!" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅሁ። ትርሲትም ስትስቅ አየኋት። እንደተቀመጥኩ መቅረት ነበረብኝ።

ተነሣሁ። መናገር ሥራዬ ነበር፣ ሰው ሲሰበሰብ ሳልናገር አላውቅም። በኃይሉን በሌለበት አመሰገንኩ። ፈንታን አመሰገንኩ፣ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ወይዘሮ የምሥራችን ስለ ጠላው አመሰገንኩ፣ የሙክቱንም ነገር በይቅርታ አነሣሁ፣ ተሳቀ። ጉድጓዱን የቆፈሩትን አመሰገንኩ። ትርሲት በዚህ ሁሉ መሐል ጆግ ይዛ ከሰው ወደ ሰው እየዞረች ትቀዳለች። መምሬ አሳላቸው። የምሥራች "የቀረ ሰው የለም ጋሽ ይሥሐቅ?" አለች።

አሰብኩ። "አለ እንጂ!" አልኩ። "ጨው ነጋዴውን ረሳሁት!"

ማንም አልሳቀም።

"ትርሲትስ?" አለች የምሥራች።

"ትርሲትማ የቤት ሰው ናት" አልኩ። "የቤት ሰው ይመሰገናል እንዴ?"

ከወንዶቹ አንዳንዱ ልክ ነው እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ትርሲት ዞሩ። ትርሲት ጆጉን እንደያዘች መጥታ ፊቴ ቆመች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ልክ ነው" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "የቤት ሰው አይመሰገንም። እማማን ያን ሁሉ ዓመት አገላብጬ አጥቤያታለሁ፣ ነፍሷ የወጣችው እጄ ላይ ነው። በሙት ዓመቷ ቀን ከጓዳው በር ቆሜ ስሜን ጠበቅሁ። ድምፅ ማጉያ የገጠመው ሰውዬ ተጠራ፣ እኔ አልተጠራሁም። ግድ የለም፣ የቤት ሰው ነበርኩ። ዛሬ ግን እንግዳ ነኝ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ጠላ ልቅዳልህ?"

ቀዳችልኝ። ቆሜ ተቀበልኩ፣ ቆሜ ጠጣሁ። መምሬ ወልደ አማኑኤል "አቡነ ዘበሰማያት" ብለው ጸሎቱን አስጀመሩ። ማኅበርተኛው ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ።

በሙት ዓመቱ ቀን እያየሁት ነበር እኮ። በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ እያየኋት ነበር። የምታዳምጠኝ ንግግሬ አምሮላት መስሎኝ ነበር።

ጥር 13

ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ከቤት ከወጣን ጀምሮ በልቤ ስደግመው ነው የሄድኩት። ስለ እናቴ ነው፣ ስለ እነዚያ ሌሊቶች፣ ግድግዳው ማዶ ሆኜ ጥሪውን እየሰማሁ ትርሲት ትነሣለች ብዬ ብርድ ልብሴን ስለምስብበት ጊዜ። መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል አለች። መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እሷም በጠረግሁ ቁጥር ቀስ ትላለች። በመጀመሪያው ጊዜ ከብት የሚነዳ ሰው ሰላም አለን። በሁለተኛው አቧራ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

መናኸሪያው ይጋፋል፣ ረዳቱ "ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!" ይጮኻል። ስንት ዓመት በባንዲራ ሥር ቆሜ ለሺ ተማሪ የተናገርኩ ሰው ነኝ፣ ለአንዲት ሴት አፌ ታሰረ። ሻንጣዋን አቀበልኳት። ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። መስታወቱን ገፋ አድርጋ ከፈተችውና ቁልቁል አየችኝ። ጠበቀችኝ። እውነቴን ነው፣ ጠበቀችኝ! ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ነው አልኩና መስኮቱን ይዤ አፌን ከፈትኩ።

"ውኃው ግን ተሻሽሏል፣ አይደል?" አልኳት።

ፊቴን ቆይታ አየችው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጄን ከመስኮቱ ላይ ቀስ አድርጋ አነሣችልኝ።

"ውኃውማ ተሻሽሏል" አለችኝ።